ማህተሙን ስለዋጠው የካርቦን ቃሬዛ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ታኅሣሥ 9 ቀን 1979 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል
ቦታ፦ አንኮበር፣ የ«ንጋት» እንጨት ሠራተኞች አምራቾች ኅብረት ሥራ ማህበር አውደ ሥራ (የጽሕፈት ቤቱ ቁልፍ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ስለተቆለፈበት)

የተገኙ፦
ጓድ ኃይለ ገብርኤል፣ ሊቀመንበርና ማህተም ያዥ
ጓድ ወልደአረጋይ፣ አናጢና የቁጥጥር ኮሚቴ ተጠሪ
ጓድ ወለተሐና፣ ንብረት ክፍል
ጓድ ዘርአ ዳዊት፣ ጸሐፊ፣ ይህን የሚጽፈው
በተጋባዥነት፦ አቶ ዓወል፣ የአልዩ አምባ ነጋዴ፣ ድምጽ የሌላቸው

ያልተገኙ፦ አምስት አባላት፣ በብሔራዊ ውትድርና ምክንያት።

ምልአተ ጉባኤን በተመለከተ፣ ከዘጠኝ አባላት አራት ብቻ ተገኝተው ስብሰባ አይካሄድም ሲሉ ጓድ ወልደአረጋይ ተቃወሙ። ሊቀመንበሩ አምስቱ አባላት ከእኛ በላይ በሆነ ስብሰባ ላይ እንዳሉ ስለሚቆጠር የቀረነው አራታችን ምልአተ ጉባኤ ነን፣ ሆኖም ከአራቱ አንዱ ለሽንት እንኳ ቢወጣ ጉባኤው ይፈርሳል ሲሉ አብራሩ። ጓድ ወልደአረጋይ ይህ ደንብ ከመነገሩ በፊት ሁለት ብርጭቆ ሻይ መጠጣታቸው እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ። ተመዝግቧል።

ስብሰባው በመፈክር ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ ስለመጣው ካርቦን

ጸሐፊው ማንኛውም ቃለ ጉባኤ በሦስት ቅጂ እንዲላክ ከታዘዘ ወዲህ የካርቦን ወረቀት በማጣቱ አንዱኑ ነገር ሦስት ጊዜ እየገለበጠ ጣቱ ማበጡን፣ ስለዚህም «ካርቦን፣ ጥቁር፣ አንድ ጥቅል» እንዲላክለት በሊቀመንበሩ ማህተም ለበላይ ግምጃ ቤት መጻፉን አስታወሰ። ትናንት በእህል መኪና የደረሰው ሣጥን ሲከፈት የተገኘው ግን የሚያብለጨልጭ ጥቁር ጨርቅ፣ ሁለት ጣሳ ሙጫ፣ ሰፊ ላስቲክ፣ ሊጥ የሚመስል ማሸጊያ እና ሥዕል የበዛበት አንድ የውጭ አገር ወረቀት ነው። የመላኪያው ደብዳቤ «በጠየቃችሁት መሠረት ካርቦን ተልኳል» ይላል።

ጓድ ወልደአረጋይ መንግሥት ካርቦን ነው ካለ ካርቦን ነው፣ ጉድለቱ የጽሕፈት መኪናው ሊሆን ስለሚችል ይሞከር አሉ። ጨርቁ በሁለት ወረቀቶች መካከል ገብቶ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ተብሎ ተመታ። የታችኛው ወረቀት ባዶውን ወጣ። በላይኛው ላይ «ኢትዮጵያ» የሚለው ከታተመ በኋላ የመኪናው የ«ት» ፊደል ተሰብራ ወደቀች። ይህ ቃለ ጉባኤ በእጅ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ጓድ ወለተሐና ጨርቁ ጥቁር በመሆኑ ለእድሩ የሐዘን ልብስ ይውላል ብለው በማሰብ ማታ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው መሞከራቸውን ገለጹ። ውጤቱን ሲጠየቁ፣ «ማሳከኩ አላስተኛኝም፤ የሞተ ሰው ሳይኖር ሲያስለቅሰኝ አደረ» ብለዋል።

በዚህ ጊዜ አቶ ዓወል እጃቸውን አወጡ። ድምጽ የሌለው ሰው እጅ ማውጣት ይችላል ወይ የሚለው ለጥቂት ጊዜ ካከራከረ በኋላ እጃቸውን ሳያወጡ እንዲናገሩ ተፈቀደ። አቶ ዓወል ይህ ጨርቅ በጣርማ በር ነፋስ ሊለኩ መጥተው የነበሩ ፈረንጆች ትተውት የሄዱት መሆኑን፣ እሳቸው ስኳርና ሩዝ ሲያቀርቡላቸው በዓይናቸው እንዳዩ፣ ፈረንጆቹ ነፋስ የሚያሽከረክረው ስስ የእንጨት ክንፍ ሠርተው ይህንኑ ጨርቅ ኤፖክሲ በሚባል ሙጫ ያለብሱት እንደነበር አስረዱ። «ሲደርቅ በአንድ እጅ ይነሳል። ግመል ቢቆምበት ግን ወላሂ አይሰበርም» አሉ። ጓድ ወልደአረጋይ ግመል ቆሞበት አይተው እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ዓወል ግመል እንዳልነበረ፣ የቆመው ወጥ ቤቱ መሆኑን፣ ወጥ ቤቱ ግን ወፍራም እንደነበር መለሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዕቃው «ለጽሕፈት የማይሆን ካርቦን» ተብሎ ገቢ እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ቃሬዛው

አቶ ዓወል ለጉባኤው የቀረቡበትን ጉዳይ አስረዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አፊፋ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። የጤና ረዳቱ ሕፃኑ በአግድም ተኝቷል፣ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ካልደረሰች እሷም ልጁም አይተርፉም ብሏል። መኪና የሚገኘው እዚህ አንኮበር ነው። ከአልዩ አምባ እዚህ ድረስ ያለው ዳገት ደግሞ በበቅሎ አይሞከርም፣ ያለ ቃሬዛ አትወጣውም።

የማህበሩ የወይራ ቃሬዛ ያለበት ሁኔታ ተነሳ። ክብደቱ ከበሽተኛ ይበልጣል። ድሮ ስምንት ጎረምሶች እየተፈራረቁ ይሸከሙት ነበር፤ አሁን ጎረምሶቹ ውትድርና ላይ ናቸው። ባለፈው ወር ዳገቱ መሐል አንዱ ዘንግ ሲሰነጠቅ፣ ተኝተውበት የነበሩት በሽተኛ አዛውንት ወርደው ቃሬዛውን ከተሸካሚዎቹ ጋር እየተጋገዙ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ደርሰዋል። ድነዋል። ነገር ግን ምጥ የያዛት ሴት እንዲህ ታደርጋለች ተብሎ እንደማይጠበቅ ጓድ ወለተሐና በብርቱ አሳሰቡ።

አቶ ዓወል፣ «እኔ ብቻዬን ብሸከማት ደስ ባለኝ፤ ግን ዳገቱን ታውቁታላችሁ። የሚቀል ቃሬዛ ሥሩልኝ፣ ሌላ የምለምናችሁ የለም» አሉ።

ጸሐፊው ስለ ጣቱ ማበጥ ከላይ የተናገረው እንዲሰረዝለት ፈለገ፣ ግን አንዴ ተጽፏል።

ጓድ ወለተሐና ሁለት ስስ የጽድ ዘንጎች ተልገው ይህንን ካርቦን እንዲለብሱ ሐሳብ አቀረቡ። ጓድ ወልደአረጋይ፣ «አርባ ዓመት እንጨት ስልግ ኖሬያለሁ። እንጨት ቫርኒሽ ይቀባል እንጂ ሸሚዝ ይለብሳል ሲባል ሰምቼ አላውቅም» በማለት ተቃወሙ። ሐሳቡ በሦስት ድምጽ ድጋፍ አለፈ። ጓድ ወልደአረጋይ ተቃውሟቸውን ከፍ ባለ ድምጽ እያሰሙ ዘንጎቹን ላጉ። ከእሳቸው እጅ እንዲህ ያለ ልስልስ ሥራ ወጥቶ እንደማያውቅ ጸሐፊው ይመሰክራል።

ቀጥሎ የሁለቱ ጣሳዎች አቀላለቅ ለውይይት ቀረበ። በወረቀቱ ሥዕል ላይ ከአንደኛው ጣሳ ሁለት ስኒ፣ ከማድረቂያው ጣሳ አንድ ስኒ ሲቀዳ ይታያል። ሊቀመንበሩ በሁለት ጣሳዎች መካከል ይህን የመሰለ ልዩነት መፍጠር ከኅብረተሰባዊነት መርህ ጋር እንደማይሄድ፣ እኩል በእኩል እንዲሆን ጠየቁ። ጓድ ወልደአረጋይ ሦስተኛ አማራጭ አቅርበው ሁለቱ ጣሳዎች በየተራ ይቀቡ አሉ። ክርክሩ ተጋግሎ ወደ ድምጽ አሰጣጥ ሲደርስ፣ ጓድ ወለተሐና ሌሎቹ ሲከራከሩ እሳቸው ሁለት ለአንድ አድርገው ቀላቅለው መጨረሳቸውን አስታወቁ። ሊቀመንበሩ ይህ ከሥርዓት ውጪ ነው ሲሉ ጣሳው መጨስ ጀመረ።

ጓድ ወለተሐና ጣሳውን በመዳፋቸው ነክተው፣ «ትኩሳት ይዞታል» አሉ። ጓድ ወልደአረጋይ ሙጫው እስከ አጀንዳው መጨረሻ እንዲታገስ ሐሳብ አቀረቡ፤ ደጋፊ አላገኘም። ሙጫው ስብሰባ የማያከብር መሆኑ በመታወቁ አባላት በሙሉ ብሩሽ ይዘው ጨርቁን በዘንጎቹ ላይ እየጠቀለሉ እንዲቀቡ ተወሰነ። ጸሐፊውም ቀብቷል። በዚህ ገጽ ላይ የሚታየው የአውራ ጣት አሻራ የእሱ ነው፤ አይለቅም።

አጀንዳ 3፦ ስለ ማሸግና አየር ማውጣት

አቶ ዓወል ፈረንጆቹ ሲያደርጉ ያዩትን አስረዱ። የተቀባው እንጨት ላስቲክ ውስጥ ይገባል፣ አፉ በዚያ ሊጥ ይታሸጋል፣ አየሩ ተስቦ ይወጣል። ያኔ ላስቲኩ ጨርቁን ጭምቅ አድርጎ ከእንጨቱ ጋር ያጣብቀዋል። ቫኪዩም ይሉታል።

ጓድ ወልደአረጋይ የሚወጣው አየር የት እንደሚሄድ ጠየቁ። ወደ ውጪ ነው ተባሉ። ውጪ እኮ አየር ሞልቷል ሲሉ ነቀፉ።

ትርፍ ሙጫ የሚጠጣ ወፍራም ነገር በላዩ መልበስ እንዳለበት ከሥዕሉ በመታየቱ ጓድ ወለተሐና የራሳቸውን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሰጡ። በሥዕሉ ላይ በብርድ ልብሱና በካርቦኑ መካከል አንድ ቀጭን መስመር ይታያል። መስመሩ ሌላ የሚነጠፍ ላስቲክ ይሆን እንዴ የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ ጉባኤው መስመሩ ጥላ ነው ሲል ወሰነ።

አየር ለመሳብ የጸሐፊው የብስክሌት ፖምፓ፣ በውስጡ ያለው ቆዳ ተገልብጦ፣ እንዲሠራ ተደረገ። ጸሐፊው አንኮበርን በሚያህል ዳገት ላይ ብስክሌት ምን እንደሚያደርግለት ተጠይቆ ፖምፓውን ለአቶ ዓወል አቀበለ።

አቶ ዓወል «በሉ እንሽገው» ሲሉ ሊቀመንበሩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ማሸግ በዚህ አገር እንደ ዋዛ የሚጠራ ቃል እንዳልሆነ፣ ቤት ቢሆን መጋዘን ቢሆን የሚታሸገው በኮሚቴና በማህተም እንደሆነ፣ ያለ ማህተም የታሸገ ነገር አልታሸገም ሲሉ አስጠነቀቁ። ማህተሙ በሰንሰለት ከካፖርታቸው ቁልፍ ጋር ታስሮ የሚውል መሆኑ ይታወቃል። አውጥተው፣ እፍ ብለው፣ እርጥቡ ካርቦን ላይ መቱት።

ማህተሙ አልተነሳም።

ሊቀመንበሩ በሁለት እጃቸው ሳቡ። ጓድ ወልደአረጋይ ሊቀመንበሩን ከወገባቸው ይዘው ሳቡ። ጨርቁ ከእንጨቱ ሊላቀቅ ሲል ጓድ ወለተሐና ሁለቱንም በብሩሽ እጀታ መለየታቸው በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ ሊቀመንበሩ አሳስበዋል። ሰንሰለቱ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ቢቀርብም የመንግሥት ንብረት ነው በመባሉ ወደቀ። ስለዚህ ማህተሙ ከነ ዘንጉ ላስቲክ ውስጥ ሲገባ ሰንሰለቱ በላስቲኩ አፍ ወጥቶ፣ ዙሪያው በሊጡ ተደፍኖ፣ ሊቀመንበሩ ከውጪ ቀሩ። ስብሰባውን ከዚህ በኋላ የመሩት ጎንበስ ብለው ነው።

አየሩ ይሳብ ወይስ ማህተሙ እስኪወጣ ሥራው ይቁም የሚለው ለድምጽ ቀረበ። ይሳብ ያሉት ጓድ ወለተሐናና ጸሐፊው፣ ይቁም ያሉት ሊቀመንበሩና ጓድ ወልደአረጋይ ሲሆኑ ውጤቱ ሁለት ለሁለት ሆነ። ድምጽ እኩል ሲሆን ደንቡ ምን ይላል የሚለው ሲፈለግ፣ አቶ ዓወል ድምጽ ስለሌላቸው ፖምፓውን መሳብ ጀመሩ። ላስቲኩ ሙሽሽ ብሎ ዘንጎቹ ላይ ተጣበቀ። ማህተሙም ከነ እጀታው በላስቲኩ ሥር ጉብ ብሎ ታየ። ደንቡ እስካሁን አልተገኘም።

ብርዱ ሙጫውን እንዳያዘገየው ሦስት የከሰል ምድጃ እንዲከበው ተወስኖ አባላት ዙሪያውን ተቀመጡ።

አጀንዳ 4፦ ያልተያዘ አጀንዳ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም የወይዘሮ አፊፋ እናት ወይዘሮ ሰሊሃ ዳገቱን ወጥተው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ሳያንኳኩ ገቡ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ መሆናችንን ከጎነበሱበት ሲገልጹላቸው ወይዘሮ ሰሊሃ የሚከተለውን ተናገሩ፦

«ልጄን ዓወል ከወጣ በኋላ፣ ሌሊት ነው ምጥ የጀመራት። ዘመዶቻችን ባልጋ ይዘዋት ሲወጡ አልጋው እላያቸው ላይ ተበታተነ። ዳገቱ መሐል፣ ሰው ቤት አስቀምጫት ነው የመጣሁት። ልጆቼ፣ እናንተ ትመክራላችሁ፣ እሷ ትጮኻለች። ለአላህ ብላችሁ ተነሱ!»

አቶ ዓወል ፖምፓውን ይዘው ቆሙ። ጸሐፊው የዚያን ሰው ፊት መጻፍ አይችልበትም።

ጓድ ወልደአረጋይ ላስቲኩን በቢላዋ ቀደዱና ዘንጉን በጣታቸው ቆረቆሩት። እንደ ደወል ጮኸ። አንደኛውን ጫፍ በሁለት ጣት አነሱት። መልሰው አስቀመጡት። እንደገና አነሱት። ከዚያም፣ «እሺ፣ ሸሚዙ ልኩ ነው» አሉ። ይህ የተቃውሞ ድምጻቸውን እንደ መሳብ ተቆጥሮ ተመዝግቧል።

ብርድ ልብሱ ከካርቦኑ ጋር አንድ ሆኖ አልላቀቅ ማለቱ፣ ማህተሙም እንዲሁ፣ በአጭሩ ተገለጸ። መስመሩ ጥላ አልነበረም። ትርፉ ብርድ ልብስ ተቆርጦ፣ በዘንጎቹ መካከል ጠፍር ተወጥሮ ቃሬዛው ተጠናቀቀ።

ማን ይሸከም የሚለው ያለ ውይይት ተወሰነ። በማህበሩ ታሪክ ያለ ውይይት የተወሰነ የመጀመሪያው ጉዳይ ነው። ሊቀመንበሩ ከቃሬዛው ጋር ስለታሰሩ መሄዳቸው ግድ ነው። ሊቀመንበሩ ከሄዱ ስብሰባው ይሄዳል። ስብሰባው ከሄደ ከአራቱ አንድ ሰው ሊጎድል አይችልም። የቃሬዛው ጫፎችም አራት ናቸው። ስብሰባው ሳይበተን ቦታ ለወጠ።

አጀንዳ 5፦ በመንገድ ላይ

(ጸሐፊው የኋላውን ግራ ጫፍ ይዞ ስለነበር ይህ ክፍል ከትዝታ የተጻፈ ነው።)

መውጫው ኬላ ላይ የአብዮት ጥበቃው ማህተም ያለበት የይለፍ ወረቀት ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ማህተም ያለበት ወረቀት እንደሌለ፣ ማህተሙ ራሱ ግን በአካል መገኘቱን ገልጸው ዘንጉን አሳዩት። ጠባቂው ማህተሙን፣ ሰንሰለቱን፣ ሰንሰለቱ የሚያደርስበትን ሰው በየተራ አየና ሰላምታ ሰጠ።

ስንወርድ ባዶው ቃሬዛ ስለቀለለን ጓድ ወልደአረጋይ ሁለት ጊዜ ጣልነው እንዴ ብለው ዞረው አይተዋል። ወይዘሮ አፊፋን ከደረስንበት ቤት አውጥተን ስናስተኛት ቀና ብላ አየችንና፣ «እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው የሚሸከሙኝ?» አለች። ጓድ ወለተሐና ቅር ተሰኝተዋል። አቶ ዓወል ከራስጌዋ እየሄዱ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም ያላወቁት ይመስላሉ፤ «አይዞሽ አፊፋዬ፣ ደረስን» ማለት የጀመሩት ገና ስንነሳ ነው።

ዳገቱ ላይ ጓድ ወልደአረጋይ የዕረፍት ሐሳብ አቀረቡ። ወይዘሮ አፊፋ ጮኸች። ሐሳቡን ሳቡ። ዘንጉ ሲጎብጥ አይተነዋል፤ ሲሰነጠቅ አልሰማንም። የተጣበቀው የብርድ ልብስ ሱፍ ትከሻችንን ስላልላጠው በስህተቱ ሁላችንም ጓድ ወለተሐናን አመስግነናል፤ እሳቸው ግን ብርድ ልብሱ የአዲስ ዋጋ እንዲተመንለት ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ በመንገድ ሙሉ ሥነ ሥርዓት ሲያስከብሩ ነበር። «ግራ! ድንጋይ! ጓድ ወልደአረጋይ፣ ተራ ሳይሰጥዎት አይሰናከሉ!» ሲሉ ወይዘሮ አፊፋ በምጧ መሐል ሳቀች። የሚያሰጋው ነገር ገና አላለፈም ነበር፤ ያም ሆኖ ሁላችንም አብረን ሳቅን፣ ቃሬዛውም ከእኛ ጋር ተንቀጠቀጠ።

አንኮበር የእህል መኪናው ቆሞ ጠበቀን። ቃሬዛው ከነ ወይዘሮ አፊፋ በጆንያዎቹ መሐል ተመቻቸ። አቶ ዓወልና ወይዘሮ ሰሊሃ ከወጡ በኋላ ለሌላ ሰው ቦታ አልቀረም። ሰንሰለቱ ተወጠረ። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ሊቀመንበሩ ወይዘሮ አፊፋ በብርድ ስትንቀጠቀጥ አዩና ካፖርታቸውን አውልቀው ከነ ሰንሰለቱ አለበሷት። መኪናው ሄደ።

ሊቀመንበሩ በሸሚዝ ቆመው ቀሩ። ጓድ ወለተሐና፣ «ውይ፣ ካፖርቱ ጠዋትም ይወልቅ ነበር እኮ» አሉ። ሊቀመንበሩ አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጪ ነው ብለዋል።

አጀንዳ 6፦ የመጨረሻ ውሳኔ

ስብሰባው ስላልተበተነ በሳምንቱ በዚያው ቦታ ቀጠለ። አቶ ዓወል ተገኝተው ወይዘሮ አፊፋ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ በሰላም መገላገሏን፣ ልጅቷ መሊካ መባሏን፣ አልሐምዱሊላህ ሁለቱም ደህና መሆናቸውን አበሠሩ። ጉባኤው በጭብጨባ ተቀበለ። ጓድ ወልደአረጋይ ያለቀሱት የእንጨት ብናኝ ዓይናቸው ገብቶ እንደሆነ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል።

ወዲያው ሊቀመንበሩ ያን ዕለት ጠዋት ከግምጃ ቤቱ የደረሰ ደብዳቤ አነበቡ። ካርቦኑ በስህተት የተላከ ስለሆነ ሳይነካ፣ ሳይቀነስ፣ በነበረበት ሁኔታ ባስቸኳይ ተመላሽ ይሁን ይላል። ጓድ ወልደአረጋይ ምንም ካልወሰንን ምንም አልነካንም የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ይህ ከእሳቸው ከተሰማ ሐሳብ ሁሉ የላቀ ነው ተባለ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምጽ ተወሰነ፦ ካርቦኑ ገቢ እንዲሆን የተላለፈው ውሳኔ ተሰርዟል። ሙጫው እንዲቀላቀል የተላለፈው ውሳኔ ተሰርዟል። መስመሩ ጥላ ነው የተባለው ተሰርዟል። ዘንጎቹ አልተላጉም፣ ላስቲኩ አልታሸገም፣ አየሩም አልወጣም። ቃሬዛ አልተሠራም፤ ማንም ማንንም አልተሸከመም።

ውሳኔው እንዲጸና ማህተም ያስፈልገዋል። ማህተሙ ያለው ያልተሠራው ቃሬዛ ላይ ነው። አቶ ዓወል ከደብረ ብርሃን የመለሱት ቃሬዛ ዛሬ ጠዋት እግራቸው የተሰበረ ሽማግሌ ሊያመጣ ወደ አልዩ አምባ ወርዷል። ቢመለስም ማህተሙ የተጣበቀው በፊቱ ተደፍቶ መሆኑን ጓድ ወለተሐና አስታውሰዋል። ቅጂውም አንድ ብቻ ነው፤ ጸሐፊው የካርቦን ወረቀት የለውም፣ ለመጠየቅም ማህተም የለም።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ሳይሰረዝ የቀረ አንድ ነገር ካለ እሱም አብሮ እንዲሰረዝ አዘዙ። ጸሐፊው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አገላብጦ አየ። የመሊካ መወለድ በየትኛውም አጀንዳ ስላልተያዘ ሊሰረዝ የማይችል መሆኑን ለጉባኤው አስታወቀ።

የተቃወመ የለም። ስብሰባው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ተበተነ።